ለእንግዳ የሚጮኸው ዘበኛ

ጥቅምት 5፣ ማክሰኞ። ሞጣ

ዛሬ ምንም አልሆነ። ሽሮ በላሁ። ጨው ጎድሎታል።

ሐኪሙ "ሕመምዎን በየቀኑ እያስታወሱ ይንገሩን" ብሎኝ ነበር። የዛሬውን ሕመም ለወር የት አስቀምጬ ነው የማስታውሰው? ይጻፍ አልሁ። እኔ ገብረ ሕይወት ፊደል አልቆጠርሁም። አላፍርበትም። ቤት ሠርቻለሁ፣ ልጆች አስተምሬያለሁ፣ የተጣላ አስታርቄያለሁ። የሚጽፈው ፍቅረ ሥላሴ ነው፤ የልጄ የሰብለ ወንጌል ባል። አስተማሪ ነው። ጧት ያስተምራል፣ ከሰዓት ቤት ይውላል። እንዳልሁት ጻፍ፣ አታሳምረው ብየዋለሁ።

"አባ፣ ስለ ሽሮው የተናገሩት ይቅር?" አለኝ።

አይቅርም።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ይታወቅ። እኔ አልወደቅሁም። አግዳሚው ነው የወደቀ። ነሐሴ ላይ ነው፣ ቢቸና፣ ለቅሶ ቤት። ድንኳኑ ውስጥ ረጅም አግዳሚ ላይ ተደርድረን ተቀምጠን ሳለ አንድ ትልቅ ሰው ገባ። ሁሉም "ኖር!" ብሎ ብድግ አለ። እኔ ጫፉ ላይ ነበርሁ፣ ትንሽ ዘገየሁ። ያኛው ጫፍ ሲቀል የእኔው ወረደ። እኔ መሬት ላይ፣ አግዳሚው እኔ ላይ። ዳሌዬ ተሰበረ። ባሕር ዳር ወስደው ብረት አስገቡበት።

"አጥንቱ ሳይገጥም ዳግመኛ ከወደቁ መራመድ የለም" አለኝ ሐኪሙ። ፊት ለፊት ነገረኝ። ወደድሁት።

አሁን ሞጣ ነኝ፣ ልጄ ቤት። የቢቸናው ቤቴ ተቆልፏል። ቁልፉ የእኅቴ ልጅ ውበቴ ጋ ነው። ሰብለ ወንጌል ነርስ ናት፤ ቤትም ውስጥ እንደ ነርስ ነው የምትናገረው። "ሳይወድቁ ጥምቀት ከደረሱ ቢቸና አደርስዎታለሁ። ከወደቁ ግን እዚሁ ነዎት። ቤቱም ይከራያል።"

ቤቴ? በገዛ እጄ ያቆምሁት ቤት?

አልወድቅም። ጻፈው።

ጥቅምት 8፣ ዓርብ

አዲስ አበባ ያለው ልጄ ዕቃ ላከ። የሚበላ መስሎኝ ነበር።

ስስ ላስቲክ ነው። ከአንሶላው ሥር ይነጠፋል፣ መቀመጫዬ በሚያርፍበት በኩል። ከእሱ ሽቦ ወጥቶ አንዲት ትንሽ ሣጥን ላይ ይሰካል። ተኝቼበት ሳለሁ ዝም ይላል። መቀመጫዬን ካነሣሁ ይጮኻል። ወንበር ላይ ስውል ወደ ወንበሩ ይዛወራል። በባትሪ ነው የሚሠራ፤ መብራት ቢጠፋም አይተኛም።

"ምን ሊጠብቅ ነው?" አልኋት።

"እርስዎን።"

"ከማን?"

"ከእርስዎ።"

ዘበኛ ብዬ ስም አወጣሁለት።

ሰብለ ወንጌል ሣጥኑን ከራስጌዬ ኋላ፣ እጄ የማይደርስበት ላይ ሰቀለችው። "አባ፣ ይኼ ነገር አይዝዎትም። ይጣራል እንጂ አይደግፍም። ሲጮኽ እኛ እስክንደርስ ቁጭ ብለው ይጠብቁ" አለች። ወደ ባሏ ዞራም "አንተ ደግሞ ሲጮኽ መጀመሪያ ወደ እሳቸው ነው የምትሮጠው" አለችው። "እሺ" አለ። ይህ ሰው እሺ ማለት ይወዳል።

ተንቀሳቀሰ ተብሎ የሚጮኽበት ሰው ሆንሁ... በዚህ ዕድሜ።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

ጮኸ። ጎኔን ገልብጬ ነበር። ፍቅረ ሥላሴ እጁ በሊጥ ተለውሶ እየሮጠ መጣ። አስተማሪ በሊጥ ምን ይሠራል? ዳቦ ሊጋግር ነው አሉ። እሷ ተረኛ ስለሆነች።

ሕመም፦ አለ።

ጥቅምት 10፣ እሑድ

ጮኸ። ስጸልይ ቀና ብዬ ነው። ጎረቤቲቱ በአጥር በኩል "ምን ተሰረቀ?" ብላ ጠየቀች።

ሰብለ ወንጌል ሣጥኑን ነካክታ ትንሽ እንዲታገሥ አደረገችው። አሁን መገላበጥንና መነሣትን ይለያል። ከአንዳንድ ሰው ይሻላል።

ጥቅምት 13፣ ረቡዕ

አብዱልዋሂድ ሊጠይቀኝ መጣ። የሞጣ ጨርቅ ነጋዴ ነው። ጎልማሳ ሳለን እህል ጭኜ ስመጣ እሱ ቤት ነበር የማድር። እሱም ቢቸና ሲመጣ እኔ ቤት።

በር ላይ ሲደርስ "ኖር!" ብዬ በሁለት እጄ አልጋውን ተመርኩዤ ተነሣሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ዘበኛው ጩኸቱን ለቀቀው። አብዱልዋሂድ የያዘውን ሙዝ ጣለ።

"ያ ረቢ! ምን ሰረቅሁ?"

ፍቅረ ሥላሴ ሮጦ ደግፎ አስቀመጠኝ፣ ከዚያ ዝም አሰኘው። አብዱልዋሂድ ሙዙን እየለቀመ "አርባ ዓመት ቤትህ ስገባ ጮኾብኝ የማያውቅ፣ ምነው ዛሬ ባዶ ኪሴን ስመጣ?" ይላል። ሲስቅ ዋለ። እኔ አልሳቅሁም። እንግዳ ሲመጣ ውሻ እንኳ ይታሰራል።

ሲሄድ ፍቅረ ሥላሴን ጠራሁት። "ከእንግዲህ እንግዳ ሲገባ አጥፋው።"

"ሰብለ ካወቀች..."

"እሷ ሥራ ላይ ናት። እኔ የተኛሁበት ቤት ሰው ላይ አይጮኽም።"

ሣጥኑን አየ፣ እኔን አየ። "እሺ፣ አባ" አለ።

ደስ አለኝ።

ጥቅምት 18፣ ሰኞ

ዘበኛውን አታለልሁት።

ጠያቂ ያመጣው የባቄላ ከረጢት ከአልጋዬ ጎን ተቀምጦ ነበር። ቀስ እያልሁ መቀመጫዬን ሳነሣ ከረጢቱን በምትኬ እየገፋሁ አስገባሁት። ዝም አለ! ባቄላና ሰው አይለይም። ግድግዳውን ይዤ መስኮቱ ጋ ደረስሁ።

ሰብለ ወንጌል ሳትጠበቅ ከሥራ ተመልሳ ገባች። አልጋውን አየች። "እንዴት ዋላችሁ?" አለች፤ ባቄላውን ነው። ቀጥሎ የመስኮቱን ብረት ጨብጬ የቆምሁትን እኔን አየች። አልጮኸችም። ደግፋ መለሰችኝ፣ ከረጢቱን ይዛ ወጣች።

ለራት ንፍሮ ሆኖ መጣ። በላሁት።

ለምን ተነሣህ ብትለኝ ምን እላት ነበር? ከመስኮቱ መንገዱ ይታያል። የቢቸና መኪና በዚያ ነው የሚያልፍ።

ጥቅምት 24፣ እሑድ

ጠያቂ በዛ። ሰው ይመጣል፣ ፍቅረ ሥላሴ ያጠፋል። ሰው ይሄዳል፣ ያበራል። አንዳንዴ ማብራቱን ይዘነጋል። እኔም አላስታውሰውም።

ሰው በገባ ቁጥር ከአልጋው ከፍ እላለሁ። "አይነሡ፣ በሞቴ!" ይላሉ። ይላሉ እንጂ ባልነሣ ይታዘቡኛል። እኔ ብሆን እታዘባለሁ። ከዚህ በፊትም ታዝቤያለሁ፣ ስማቸውን አውቃለሁ።

"ልጻፋቸው?" አለ ፍቅረ ሥላሴ።

ተው።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ምንም የለም። ሕመም፦ ትንሽ።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ወደቅሁ።

ኅዳር 13፣ ዓርብ

ይጻፍ።

ትናንት የሚካኤል ዕለት ነበር፤ ፍቅረ ሥላሴም ከጧት ጀምሮ ቤት ነበር። ቄስ ገብረ ማርያም፣ የዚህ ቤት የነፍስ አባት፣ ከቅዳሴ መልስ ሊጠይቁኝ መጡ። ጎረቤቱም ተከትሏቸው መጣ፣ ቤቱ ሞላ። ዘበኛው ጠፍቶ ነበር። ከጧት ጀምሮ ሰው ስላልተቋረጠ ማን ያብራው?

ቄሱ በር ላይ ሲደርሱ ሰው ሁሉ "ኖር!" ብሎ ተነሣ። እኔም ተነሣሁ። መስቀል ተቀምጬ አልሳለምም። ፍቅረ ሥላሴ ለቄሱ ወንበር ሊያቀርብ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር። የሰው ሁሉ ዓይን መስቀሉ ላይ ነው። ሁለተኛው እርምጃ ላይ እግሬ ከዳኝ።

ነገሩ ይገርመኛል። ሌሊት ይወድቃል ብለው ነበር የሚሰጉልኝ። ሌሊት ማን አለና ነው የምነሣለት? ቤት ሙሉ ሰው ባለበት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መስቀል ፊት ወደቅሁ። ሁሉም ሲነሣ የእኔን መነሣት ማን ለይቶ ያያል? እያንዳንዱ ሌላው የያዘኝ መስሎታል።

ሰብለ ወንጌልን ከሥራ ጠሯት። ገብታ እግሬን ዳበሰች፣ ከዚያ ቀና ብላ ሣጥኑን አየች።

"ማን አጠፋው?"

ሰው ሁሉ ወደ ሣጥኑ ዞረ።

"እኔ ነኝ" አለ ፍቅረ ሥላሴ። "አጥፍቼ ማብራቱን ረሳሁት።"

ረሳሁት? አጥፋው ያልሁት እኔ አይደለሁም? ዞሮ እንኳ አላየኝም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የማይባል ነገር ተናገረችው። "አባቴን ካንተ ይልቅ ለባቄላው ብሰጣቸው ይሻለኝ ነበር" አለችው። ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ... አፌ ተያዘ። ሕመሙ ነው እንዳልል፣ ሕመሙ አፌ ላይ አልነበረም።

ይህን ስናገር የፍቅረ ሥላሴ እጅ አልቆመም። "አባ፣ ይኼ ይለፍ?" አለ ብቻ።

አይለፍም አልሁት።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

እግሬን እንዳላንቀሳቅስ ተባልሁ። ባሕር ዳር ሄጄ ራጅ መነሣት አለብኝ። መንገዱ ተዘግቷል አሉ። እስኪከፈት ጣራ ማየት ነው።

ዘበኛው በርቷል። አሁን ማን ሊነሣ?

ኅዳር 15፣ እሑድ

ባልና ሚስት አይነጋገሩም። እሱ ሲገባ እሷ ትወጣለች። ምሳ ላይ "አባ፣ ውኃ አቀብለኝ በሉልኝ" ትለኛለች፣ እሱ አጠገቧ ተቀምጦ። አስተላለፍሁ። አቀበላት። "አመሰግናለሁ በሉልኝ" አላለችም።

ስንት ባልና ሚስት አስታርቄ አውቃለሁ። የራሴን ልጅ ማስታረቅ የሚችል ቃል ግን አንድ ብቻ ነው። እሱን ቃል እኔ ነኝ የያዝሁት።

ነገ እላለሁ።

ኅዳር 16፣ ሰኞ

አላልሁም።

ኅዳር 18፣ ረቡዕ

መንገድ ተከፈተ። በሰው መኪና ባሕር ዳር ደርሰን ተመለስን። በየጉድጓዱ ላይ የሾፌሩን ዘር ማንዘር ረገምሁ፤ በልቤ ነው።

ብረቱ ቦታው ላይ ነው። አጥንቱ ግን ተናግቷል። መግጠም የጀመረው እንደገና ከመነሻው ይጀምራል አለ ሐኪሙ። "አሁንስ ዕድል አለዎት። ለሦስተኛው አላውቅም።"

ስለዚህ ለጥምቀት ቢቸና የለም።

ስንመለስ ሰብለ ወንጌል ከፊት ወንበር ሆና ለወንድሟ ስትደውል ሰማሁ። "ለቤቱ ተከራይ ፈልግ" ትለዋለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። የተሰበረው ዳሌዬ እንጂ ጆሮዬ አይደለም።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ

ሁለቱንም ጠርቼ አስቀመጥኋቸው።

"ባልሽ አልረሳም" አልኋት። "እንግዳ ሲመጣ አጥፋው ብዬ ያዘዝሁት እኔ ነኝ። አንቺን ፈርቶ ነበር። እኔን ባሰ ፈራ።"

ወደ እሱ ዞረች። "እውነት ነው?"

"እ..."

"ምን እ ትላለህ? በሰው ፊት እንደዚያ ስሰድብህ ለምን አልተናገርህም?"

"አባትሽ ናቸው።"

"አንተስ ምኔ ነህ? ተከራይ ነህ?"

ተከራይ ስትል እኔን አየችኝ። እኔም አየኋት።

ትጮኻለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አልጮኸችም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "አባ፣ ሁለት ጊዜ ወደቁ። ቢቸናም እዚህም። ሽንት ቤት ሲሄዱ አልወደቁ፣ ሌሊት አልወደቁ። ሁለቱንም ጊዜ ለሰው ሲነሡ ነው።"

አሰብሁት። ልክ ናት። ማሰቡን ማን ከለከለኝ ኖሯል?

"ታዲያ ምን ላድርግ? እንግዳ ሲገባ እንደ ጉቶ ልቀመጥ?"

"አዎ።"

አዎ አለችኝ። አባቷን።

ያኔ ፍቅረ ሥላሴ ተናገረ። ሳይጠየቅ ሲናገር ገና ዛሬ ሰማሁት። "እኛ ሰው በሌለበት እናበራለን፣ ሰው ሲመጣ እናጠፋለን። ተገላብጦብን ነው። ዘበኛው ሥራ የሚኖረው ሰው ሲመጣ ነው። ከእንግዲህ አይጠፋም። ከእኛም አንዱ እንግዳ አይቀበል። እንግዳው ማንም ይሁን ማን፣ እኔ በሩን አላይም፤ የአባን ትከሻ ነው የማየው። ሰው ሊነሣ ሲል መጀመሪያ ትከሻው ነው ወደ ፊት የሚሄድ።"

እንግዳ የማይቀበል አባወራ። ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ግን ልክ ነው። ለእሱ ልክ ነህ አላልሁትም። አሁን እየጻፈው ነው፤ ይወቀው።

ኅዳር 27፣ ዓርብ

አብዱልዋሂድ ከጁምዓ በኋላ መጣ። ዘበኛው በርቷል። ፍቅረ ሥላሴ ጉልበቴ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጧል፣ ሰላምታውን እንኳ ዞሮ አልተቀበለም።

እጆቼ ሳላዛቸው አልጋውን ጨበጡ። ፍቅረ ሥላሴ መዳፉን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። አልተጫነኝም። አሳረፈው ብቻ።

"አብዱልዋሂድ፣ አልነሣም" አልሁ።

በሩ ላይ ቀረ። "ምነው? አመመህ?"

"አሞኝ አይደል እንዴ የተኛሁት?"

"ማለቴ... ተቀየምኸኝ?"

"አልተቀየምሁህም። ብነሣ እወድቃለሁ።"

ይህን ቃል ከአፌ ለማውጣት ከአጥንቱ ይልቅ ታገልሁ። አብዱልዋሂድ ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ጉልበቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገ። ከዚያ ጠጋ ብሎ "እኔም እኮ ጉልበቴ ካለቀ ቆየ" አለኝ። "አምና ሰርግ ቤት ልነሣ ስል ተደፋሁ። ጫማዬን እየፈለግሁ ነው አልኋቸው። ቁጭ ብለው አብረውኝ ፈለጉ።"

"ታዲያ እኔ ስመጣ ለምን ትነሣ ነበር?"

"አንተ ትነሣልኛለሃ!"

"እኔስ አንተ ስለምትነሣ አይደል?"

"ጉልበቴን የጨረስኸው አንተ ነሃ! ልክሰስህ!"

ተያየን። ሳቅሁ። ሳቄ ዳሌዬ ድረስ ዘለቀ፣ አመመኝ፣ ግን አላቆምሁም።

ሲሄድም ተቀምጬ ሸኘሁት። እሱ ሲነሣ ወንበሩን ይዞ ሁለቴ ሞከረ። በሦስተኛው ነው የቻለ። ለወትሮው እኔም እየተነሣሁ ስለሆነ አይቼው አላውቅም።

ሕመም፦ የሳቅ።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

ቄስ ገብረ ማርያም ይመጣሉ ተብሎ ከጧት ጀምሮ "አባቴ፣ አልነሣም" ማለትን ስለማመድ ዋልሁ። አልደረስሁም። ቄሱ ገና ከደጅ "ገብረ ሕይወት፣ እንዳይነሡ! ከተነሡ አላሳልምም፣ እመለሳለሁ!" እያሉ ገቡ። ከእኔ ባሰ የደነገጡት እሳቸው ነበሩ ለካ። ጎንበስ ብለው መስቀሉን ወደ እኔ አመጡት።

ሰው ሁሉ ሲቆም ብቻዬን ተቀመጥሁ። ከታች ሆኖ ማየት እንግዳ ነገር ነው። የማየው ሁሉ ቀበቶ ነው።

ታኅሣሥ 14፣ ሰኞ

ፍቅረ ሥላሴ ትምህርት ቤት ሳይሄድ ላስቲኩን በመዳፉ ተጭኖ ይለቃል። ይጮኻል፣ ያኔ ይሄዳል። በየጧቱ ነው። ዛሬ ተጭኖ ለቀቀ፣ ዝም አለ። ባትሪው ደክሟል። ሱቅ ሄዶ ገዝቶ ለወጠው። አረፈደ። ተማሪዎቹ ምስጋናውን ለእኔ ይላኩ።

ዝም ያለ ዘበኛ ደህና መስሎኝ ነበር... ለካ ዝምታውም ሁለት ዓይነት ነው።

ታኅሣሥ 20፣ እሑድ

ከጉንደ ወይን አንድ ዘመዴ መጣ። ሀብታም ነው፣ ሀብታም መሆኑንም ያውቃል። ስሙን አታስገባ አልሁት ፍቅረ ሥላሴን።

ሲገባ ረሳሁት፤ ሁሉንም ረሳሁት። ገና መቀመጫዬ ለቀቅ ሲል ዘበኛው ጮኸ። ፍቅረ ሥላሴ ግን ከጩኸቱ በፊት ደረቴ ላይ ደርሶ ነበር። መልሶ አስቀመጠኝ። ዘመዴ "ይኼ ምንድን ነው?" አለ።

"አባ እንዳይወድቁ የሚጣራ ነው" አለ ፍቅረ ሥላሴ። አላፈረም። "ሰው ሲመጣ አይጠፋም።"

ዘመዴ ብዙ አልቆየም። ማታ ወሬው ደረሰን። ገብረ ሕይወት ሞጣ ከገባ ወዲህ ኮርቷል፣ ለሰው አይነሣም ብሏል አሉ።

ከፋኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን መኪና ተሳፍሬ ጉንደ ወይን ሄጄ እነሣለት ነበር። ኩራትማ በፊት ነበር የኮራሁ። ስነሣ።

ጥር 14፣ ረቡዕ

ባሕር ዳር። ራጅ። ሐኪሙ ሥዕሉን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየው፣ ለእኔም አሳየኝ። ብረቱ ሚስማር ይመስላል። አጥንቱ ገጥሟል።

አራት እግር ያለው መደገፊያ ሰጡኝ። አነሣሤን አስተማሩኝ፤ በዚህ ዕድሜ መነሣት ተማርሁ። ወደ ጫፍ መውጣት። እግርን መትከል። ራስ እስኪረጋ መጠበቅ። መያዝ። ከዚያ መነሣት፣ ሰው አጠገብ ሲኖር ብቻ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ሰብለ ወንጌልን "ተከራይ ተገኘ?" አልኋት።

"ለምኑ?"

"ለቤቱ።"

"ለየቱ ቤት?" አለች፣ መንገዱን እያየች።

በዚህ አበቃ። ከዚህ በላይ ብጠይቅ ሐሳቧን ትቀይራለች ብዬ ፈራሁ።

ጥር 25፣ እሑድ

ውበቴ ከቢቸና መጥታ ሰነበተች። እኔ ቤት ገብታ ልትኖር ነው። ፍቅረ ሥላሴ አስተማራት፤ ላስቲኩ የት እንደሚነጠፍ፣ በየጧቱ እንዴት እንደሚሞከር፣ ሲጮኽ ወዴት እንደምትሮጥ። ውበቴ ድምፅዋ ትልቅ ነው።

"እኔ እያለሁ ይኼ ምን ያደርጋል?" አለች።

"አንቺ ጓዳ ስትሆኚ እሱ አጠገባቸው ነው" አላት።

"እሱ አጠገባቸው ሆኖ ካልያዛቸውስ?"

"ለዚያ ነው አንቺ የምትሮጪው።"

ውበቴ ዝም አለች። አፏን ስትዘጋ አይቼ አላውቅም። ጥሩ አስተማሪ ሳይሆን አይቀርም።

የካቲት 3፣ ሰኞ። ቢቸና

በስልክ ነው የምናገር። ፍቅረ ሥላሴ ሞጣ ሆኖ ይጽፋል። መስመሩ ይቆራረጣል። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ "ሃሎ?" ይላል። "ሃሎ"ን አትጻፍ አልሁት።

ቤቴ ገባሁ። በሩን ውበቴ ከፈተች፣ በመደገፊያዬ ተሻገርሁ። ማንም አልተሸከመኝም። ጣራው አንድ ቦታ ያፈሳል። የማስጠግነው ነገር ስላለኝ ደስ አለኝ።

ሕመም፦ የለም። አለ፣ ግን የለም።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ፍቅረ ሥላሴ መጣ። ብቻውን ነው፤ ሰብለ ወንጌል ተረኛ ናት። ግቢውን ሲገባ በመስኮት አየሁት። ወንበሬ ላይ ነበርሁ፣ ዘበኛው ከሥሬ።

"ውበቴ! ነይ፣ አጠገቤ ቁሚ። እንግዳ መጣ።"

"ፍቅረ ሥላሴ ነው እኮ፣ አያ!"

"ማን እንደሆነ አውቃለሁ።"

ወደ ወንበሩ ጫፍ ወጣሁ። እግሬን ተከልሁ። ራሴ እስኪረጋ ጠበቅሁ። መደገፊያውን ያዝሁ። በር ላይ ሲደርስ "ኖር!" ብዬ ተነሣሁ። ዘበኛው ለቀቀው።

"ኧረ አባ! በሞቴ! ይቀመጡ! እኔ እኮ ነኝ!" ብሎ ዕቃውን ጥሎ ተንደረደረ።

ውበቴ ሣጥኑን ልታጠፋ ዞር ስትል "እኔን ያዥ! እሱ ይጩህ!" አልኋት። ያዘችኝ።

ቆምሁ። ፍቅረ ሥላሴ ደርሶ በሌላው በኩል ክንዴን ያዘ። ፊቱ ሌላ ሆኗል። በዚያ ጩኸት መሐል ምንም አልተባባልንም፤ ቢባልም አይሰማ። ይህ ሰው እኔ ፊት ጎንበስ ሳይል ቆሞ አያውቅም። እኔም ተኝቼ ነበር የማየው። ዛሬ ሊይዘኝ ቀጥ ማለት ነበረበት። ለካ ረጅም ነው። ይበልጠኛል።

ተቀመጥን። ጩኸቱ በረደ። ደብተሩን አውጣ አልሁት።

"ይኼንንም?"

"ይኼንን። በአንድ ጣት ይበልጠኛል ብለህ ጻፍ።"

"በሁለት ጣት ነው፣ አባ።"

"በአንድ ነው አልሁህ።"

እሺ አላለም። ጎንበስ ብሎ ጻፈ። አሳየኝ አልሁት። ፊደል ባልቆጥርም ቁጥር አውቃለሁ።

2 ይላል።

ተውሁት።